የንጉሡ ጓንት

ዘሪቱ ጓንቱን አይታው ነበር። ያየችው ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባት ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

የፈረንጆቹ 1996 ኅዳር ነበር። ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ልጇን ቢታንያን ከቴአትር ልምምድ ልትወስድ፣ ካልጋሪ ከተማ ራንድል ሰፈር ወዳለው አዳራሽ በጓሮ በር ገባች። በመልበሻው ክፍል በኩል ስታልፍ የንጉሡ ነጭ ጓንት ማሞቂያው ላይ ተዘርግቶ ውኃ ያንጠባጥባል። ንጉሡ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ጓንት አጥልቆ ዙፋን ላይ ሊቀመጥ ነው። እርጥብ ጓንት የሚያጠልቅ ንጉሥ የት አለ? ዘሪቱ ግን ያን ሰዓት የምታስበው ስለ መንገዱ በረዶ ነበርና ዝም ብላ አለፈች።

ገና ሳትቀመጥ መድረኩ ጨለመ። ዳኛውን ሆነው ከመጋረጃው ፊት ብቻቸውን ይናገሩ የነበሩት ጋሼ አባይነህ፣ እንደ ወትሮው በጨለማው ውስጥ ወደ ኋላ ተራምደው የዳኛው ቦታ ላይ ቆሙ። እንጨት ሲላቀቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ከባድ ነገር ሲወድቅ። መብራቱ ሲበራ እሳቸው የሉም። እስረኛው ከጉድጓድ የሚወጣበት የወለል ክዳን ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ጋሼ አባይነህ ምድር ቤቱ ሲሚንቶ ላይ አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ።

የቡድኑ አዘጋጅ እሳቸው ነበሩ። ቴአትር የተማሩት አሜሪካ ሲሆን የሚወዱት ወሬም አንድ ነበር። ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ኒውዮርክ ውስጥ ጥቁሮች የእንግሊዞችን የንጉሥ ተውኔት በገዛ አዳራሻቸው ማሳየት ጀመሩ። ፖሊስ ተዋናዮቹን ከመድረክ ላይ ወስዶ አሰረ። «ሲፈቱስ ምን አደረጉ?» ብለው ይጠይቁና፣ ማንም ሳይመልስ «ደግመው አሳዩ!» እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ። ካልጋሪ ያሉ ሐበሾችን ሰብስበው አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ የእንግሊዝ ተውኔት፣ በእንግሊዝኛ፣ ግን በራሳቸው አነጋገር ሊያሳዩ የተነሱት ለዚህ ነው። ትርኢቱ ለቅዳሜ ማታ ተይዞ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሽበታም የፖሊስ መርማሪ ማርቲንዴል ሰፈር ወደሚገኘው የዘሪቱ ቤት መጣ።

«ክዳኑን ከሥር በመቀርቀሪያ የምትዘጋው ልጅሽ ናት» አላት በትሕትና። «ሳትረሳው አልቀረችም። ሆን ብላ ነው አልልም፤ ግን ሰው ሞቷል።»

ዘሪቱ አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ካልጋሪ ደግሞ ሰንሪጅ ሞል የሚባል የገበያ ማዕከል ጥበቃ ናት። ሰውየው ገና ሳይጨርስ ልጇ ፍርድ ቤት ቆማ ታየቻት፤ ቀጥሎ እስር ቤት፤ ቀጥሎ ከዚያ የባሰ። ግን ዓይን ዓይኑን አየችው።

«እስከ ማታ ታገሠኝ» አለችው። «ማታ አዳራሹ እንገናኝ።»

ሲወጣ ወደ ልጇ ዞረች። ቢታንያ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መብራቱንም ክዳኑንም የምትቆጣጠር እሷ ናት።

«ማሚ፣ አይ ስዌር፣ ዘግቼዋለሁ። ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?»

«አይ ዶንት ኖው! መቀርቀሪያውን ስገፋ ትዝ ይለኛል። ግን የሐሙሱን ይሁን የረቡዑን... ማሚ፣ እኔ ብሆንስ የገደልኳቸው?»

«በባዶ እጅሽ ነው የገፋሽው?»

«ኖ፣ በጨርቅ። ሲጮህብኝ ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት ግራሶ ቀባሁት፤ ያስጠላል።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

ዘሪቱ ኮቷን ለበሰች። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ጋሼ አባይነህ እስኪወድቁ የነበረው አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፤ እሱም ከመጋረጃው ፊት የሚካሄደው የዳኛውና የመልእክተኛው። ያን ጊዜ ከመድረኩ ጀርባ መሄድ የሚችሉት ሦስት ሰዎች ነበሩ።

ንጉሡን የሚጫወተው ሙሉጌታ በሚነዳው ታክሲ ውስጥ አናገራት። አራት ዓመት ሙሉ በካሴት የለንደን አነጋገር ያጠና ሰው ነው።

«መልበሻ ክፍል ነበርኩ፣ እትዬ ዘሪቱ። ለደቂቃ እንኳ አልለቀቅኩም። መድረክ ላይ የሚባለውን በስፒከሩ እየሰማሁ ነበር።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ተዋናይ ሰዓት አያይም፤ በንግግር ነው የሚቆጥረው። ሳሙኤል ስለሰጠመችው መርከብ ተናግሮ ሲጨርስ ተነሳሁ።»

መልእክተኛውን የሚጫወተው ሳሙኤል ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሥራ ላይ ነበር።

«ጀርባ አልሄድኩም። ቀድሜ ስለጨረስኩ ውጭ ወጥቼ ሳጨስ ነበር።»

«ለምን ቀደምክ?»

«ጋሼ አባይነህ ያን ሁሉ የመርከብ ንግግር ቆረጡብኛ! ልምምዱ ሊጀመር ሲል ነው የነገሩን፣ ለእኔና ለቢታንያ። 'አሜሪካኖቹ የእንግሊዝን ተውኔት ድሮም ሲቆርጡት ነው የኖሩት፤ የማርቲንዴል አውቶቡስ ቆሞ አይጠብቀንም' አሉ። ስድስት ሳምንት የሸመደድኩትን!»

«ሙሉጌታስ?»

«እሱ ሺፍት ላይ ሆኖ ግማሹ ካለፈ ነው የደረሰው።» ሳሙኤል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ረቡዕ ደውለውልኝ ነበር። 'ሙሉጌታ ያንን የተዋሰውን ምላስ ካልመለሰ ዘውዱን አንተ ትጭናለህ፤ ለእሱም ነግሬዋለሁ' አሉኝ።»

ልብስ የምትሰፋው ደመቀች ደግሞ በሯን ከፍታ ወገቧን ያዘች።

«እኔን ጠርጥረሽ ነው? የንግሥቲቱን ቦታ ነጥቀው መርፌ ካስያዙኝ ሦስት ዓመቴ። መግደል ካማረኝ እስካሁን ምን አስጠበቀኝ?»

«የት ነበርሽ?»

«ከመድረኩ ፊት አዳራሹ ጥግ የንጉሡን ካባ ስተኩስ ነዋ። ትዕይንቱ በአጭሩ ተቀጨና ካባው ሳይደርስ ቀረ።»

«የንጉሡን ጓንት አንቺ ነሽ ያጠብሽው?»

«ልምምድ መሀል? ሙሉጌታ ይሆናል። ካልሲውን አጥቦ የማያውቅ ሰው፣ ጉድ ነው!»

ማታ ሁሉም አዳራሹ ተሰበሰቡ። በሩ ላይ የአዳራሹ ኮሚቴ «ትርኢቱ ተሰርዟል» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ዘሪቱ ወረቀቱን ገንጥላ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መርማሪው አይቶ እንዳላየ ሆነ።

እሱ እንዲሰማ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ ሲያቅታት ቢታንያ ትሞላላታለች።

«ሐሙስ ማታ እርጥብ ጓንት አየሁ» አለች፣ ጓንቱን ከመልበሻው አምጥታ። «ደመቀች፣ ጣቱ ላይ ያለውን ስፌት ተርትሪው።»

ደመቀች በመቀስ ተረተረችው። ከውጭ ነጭ የነበረው ጨርቅ ስፌቱ ውስጥ ጥቁር ቅባት ቋጥሯል።

«ግራሶ በውኃ አይለቅም። ልጄ መቀርቀሪያውን ዘግታዋለች። ክፍት ቢሆንማ ኖሮ ማንም የሚነካበት ምክንያት አይኖረውም ነበር። አሻራውን ሊደብቅ ጓንት ያደረገ ሰው ምድር ቤት ወርዶ ከፈተው፤ በዕለቱ መቀባቱን ግን አላወቀም።»

«ጓንቱን ማንም ሊያነሳው ይችላል!» አለ ሙሉጌታ።

«አንተ መልበሻውን ለደቂቃ አልለቀቅኩም ብለኸኛል። ጓንቱ አጠገብህ ነበር። ታዲያ ማን ወስዶ፣ ማን አጥቦ መለሰው?»

ሙሉጌታ ከንፈሩን ላሰ። «እሺ... ለአፍታ ወጥቼ ይሆናል።»

«የመርከቡን ንግግር ሰምተህ ነው የወጣኸው?»

«አዎ!»

«ሐሙስ ዕለት ያ ንግግር አልተነገረም። ጋሼ አባይነህ አንተ ሳትደርስ ቆርጠውታል። ደመቀች እንኳ ካባ እየተኮሰች ማጠሩ ገብቷታል። ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ፤ የነበርክበት ቦታ ምንም አይሰማምና።» መርማሪውን ምድር ቤት እንዲወርድ አደረገችው፤ ሳሙኤልም መድረኩ ላይ ቆሞ በሙሉ ድምፁ ንግግሩን አሰማ። መርማሪው ተመልሶ ወጣና ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ካለው ትልቅ ማሞቂያ ጩኸት በቀር የሰማው ነገር የለም።

«አንቺ!» ሙሉጌታ «እትዬ» ማለቱን ተወ። «አንቺ የሞል ዘበኛ!»

«የሞል ዘበኛ ነኝ» አለች ዘሪቱ። «ልጄ እንዳትታሰር ቀኑን ሙሉ ስዞር የዋልኩ የሞል ዘበኛ።»

ያኔ ሙሉጌታ የለንደኑ አነጋገር ሁሉ ከአፉ ጠፍቶ፣ በልጅነት አማርኛው ተናገረ።

«እግራቸው እንዲሰበር ነበር። እግራቸው ብቻ። ትርኢቱ እንዲቀር፤ ዘውዱን ሌላ ሰው ላይ እንዳላይ... አራት ዓመት፣ እትዬ ዘሪቱ! እንደ እንግሊዞቹ መናገር ቻልኩ፤ እሳቸው ግን ሳቁብኝ።»

መርማሪው ክንዱን ይዞ ወሰደው። በሩ ጋ ሲደርስ ዘሪቱን «ትርኢቱ ይቀራል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ከእሷ በፊት ቢታንያ መለሰች። «ኖ ሰር። ነገ ይታያል።» ወደ ሳሙኤል ዞረች። «ዘውዱ ያንተ ነው። ዳኛዋን እኔ እሆናለሁ።»

«ኮሚቴው በር ቢዘጋብንስ?» አለ ሳሙኤል።

«ፓርኪንጉ ላይ ነዋ!» አለች ደመቀች። «ካቦርት ደርባችሁ ትጫወታላችሁ። ሰፍቼ አድራለሁ።»

ዘሪቱ የሚመጣውን መዓት ሁሉ አሰበች፤ ኮሚቴውን፣ ብርዱን፣ የሰዉን አፍ። ሁሉም ሊሆን ይችላል። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አለች።

ቢታንያ ከኪሷ አወጣችው። ምድር ቤት ወርዳ መቀርቀሪያውን ገፋች፤ መብራቶቹን አጠፋች፤ ሁሉም ሲወጡ የአዳራሹን በር ጎትታ ቁልፉን አዞረች።

«ማሚ፣ ቼክ አድርጊልኝ። ተቆልፏል?»

ዘሪቱ እጇን ወደ እጀታው ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችና ጓንቷ ውስጥ ከተተችው።

«አንቺ ከቆለፍሽው ተቆልፏል» አለች፤ ቀድማም ወደ መኪናው ሄደች።