የጥቅሻ መነጽር

«የኔ ነው!» ብላ ጮኸች።

እጆቿን አጣምራ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ኳሷ ሥር ገባች። አገባቧ እንከን አልነበረውም። ቀና ስትል ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ጠበቀቻት። ዐይኗ ተጨፈነ፣ እንባዋ ግጥም አለ፣ ኳሷም ግንባሯ ላይ ጧ ብላ አረፈች።

የመረብ ኳስ ሜዳው በሳቅ ታመሰ። ዳኛው እንኳ ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንዲሉ፣ አንዱ ደግሞ በስልኩ ሲቀርጽ ነበር።

ልጅቷ ከድሮም ብርሃን ሲበረታ ዐይኗን የምታጠብብ ናት። ለዚህ ነው ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም «ጥቅሻ» የሚላት። በእውነተኛ ስሟ የምትጠራት እናቷ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ። ጥቅሻ በቅጽል ስሟ ተከፍታ አታውቅም ነበር። በማግስቱ ግን ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ውሎ፣ የማታውቃቸው ልጆች ሁሉ በደረጃው ላይ ግንባራቸውን እየያዙ «ጥቅሻ! ወይኔ ግንባሬን!» ሲሏት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከልምምድ በኋላ አሰልጣኟ ለብቻዋ ጠራቻት።

«ቅዳሜ ፍጻሜ ነው። ያንን ቪዲዮ እነሱም አይተውታል። በፀሐይ በኩል ስንሆን ሰርቩን ሁሉ ወደ አንቺ ነው የሚልኩት።»

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«መፍትሔ ፈልጊ። ካልሆነ በቦታሽ ሌላ ልጅ አስገባለሁ። ቅር እንዳይልሽ።»

ቅር እንዳይላት! ጥቅሻ መዝፈን አትችል፣ መሳል አትችል፣ ስትሮጥ እንኳ የእግሯ አጣጣል ያስቃል። ኳስ መቀበል ላይ ግን ከእሷ የሚስተካከል በትምህርት ቤቱ የለም። ይህን ቀን ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች። ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለሌሎች ውሃ ስታቀብል ታያትና እንባዋ መጣ።

«በቃ ለዚህ ነው የምታለቅሺው?» አለቻት ቀጮ። ቀጮ የቡድኑ አጥቂና የጥቅሻ ጓደኛ ናት፤ ቁመቷ እንጂ ስፋቷ አይታይም። «አክስቴ መነጽር ቤት አላት አይደል እንዴ! ነይ፣ ዛሬውኑ እንሂድ።»

መነጽር ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ግን ከላይ እስከ ታች መነጽር በመነጽር ነው። ጥቅሻ እንደገባች ዐይኗ ያረፈበትን እጅግ ጥቁር መነጽር አነሳችና ወደ ጣሪያው አምፖል ዘርግታ በመስታወቱ በኩል አየች። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ታያት። መነጽሩን ወደ ቦታው መለሰችው። ሁለተኛውን አነሳች። አሁንም አምፖሉ ይታያል። መለሰችው።

«ምን እያደረግሽ ነው የኔ ልጅ?» አለች የቀጮ አክስት።

«አምፖሉ ከታየ መነጽሩ አይረባም እኮ እትዬ።»

«እንዲህ ያለሽ ማነው?»

«አባቴ። በያጅ ነው።»

እነጥቅሻ ቤት ይህ ሕግ ነው። አባቷ ግቢው በር ላይ በር፣ መስኮትና አሸንዳ ሲበይድ ይውላል። የብየዳ እሳት በባዶ ዐይን ካዩት ሌሊቱን ሙሉ አሸዋ የተበተነበት ያህል ዐይን ያቃጥላል። ስለዚህ ለፊት መሸፈኛው አዲስ መስታወት ሲገዛ አምፖል ላይ ይሞክረዋል፤ አምፖሉ ጨርሶ ካልጠፋ አይቀበልም። ለብየዳ መልካም ነው። ሕጉ ግን በብየዳ አላበቃም። የእናቷ የፀሐይ መነጽር፣ የወንድሟ መጫወቻ መነጽር፣ ሁሉም በአምፖሉ ተፈትኖ ወድቋል።

አክስትየዋ አልሳቀችም። «አባትሽ ለሥራው ልክ ነው። ለዚያ እሳት ከባድ ጥቁር ያስፈልጋል። አንቺ ግን የምትሄጂው ኳስ ሜዳ ነው። ያቺን ኳስ ማየት የለብሽም?»

ከዚያ ከመሳቢያ ትንሽ የእጅ ባትሪና ነጭ ካርድ አወጣች። ባትሪዋ ሐምራዊ ብርሃን ትተፋለች፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት ካርዱ ላይ ያለው ምልክት ቦግ አለ። «አንቺ፣ የጭንቅላትሽን ጌጥ አምጪ» አለቻት ቀጮን። ቀጮ ከፀጉሯ ላይ የማይወርደውን ጥቁር መነጽሯን በኩራት አቀበለች። አክስትየዋ መነጽሩን በባትሪውና በካርዱ መካከል አስገባችው። ምልክቱ እንደበራ ቀረ።

«ምን ማለት ነው?» አለች ቀጮ።

«ማለትማ፣ ዐይን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር እንደ ልቡ ያልፋል ማለት ነው። ጥቁረቱ ብርሃኑን ይቀንሳል እንጂ ጨረሩን ለማገዱ ዋስትና አይደለም። እንዲያውም ሲጨልም የዐይናችን ብሌን ይሰፋል። መከላከያ ከሌለው በሩን ከፍተሽ ሌባ መጋበዝ ነው።»

ቀጥላ ቡኒ መስታወት ያለው፣ እስከ ጎን ድረስ ዐይን የሚሸፍን፣ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ቀለል ያለ መነጽር አስገባች። የመስታወቱ ቀለም ከሻይ አይጠቁርም። ምልክቱ ግን ድርግም አለ።

«ወይኔ ሼሜ!» አለች ቀጮ፣ ውዱን ጥቁር መነጽሯን በሐዘን እያየች።

አክስትየዋ ለጥቅሻ በየተራ አስሞከረቻት። አንዱ ከአፍንጫዋ ላይ ተንሸራተተ። አንዱ ጆሮዋን ነከሳት። ቡኒው ሲደርስ «ወደ ላይ እዪ» አለቻት። አየች። «ዝለይ።» ዘለለች። «አሁን ሳቂ።»

«ሳቂ?»

«ስትስቂ ጉንጭሽ ይነሳል። ጉንጭሽ መነጽሩን ከገፋው ላብሽ ጨዋታው መሃል ላይ ያንሸራትትብሻል። ሳቂ እስቲ።»

በትእዛዝ ሳቅ አልመጣ አላት። ቀጮ የሒሳብ አስተማሪያቸው ጠመኔ ሲጠፋበት ኪሱን የሚዳብስበትን አኳኋን ስታሳያት ግን ጥቅሻ ሆዷን ይዛ ተንፈራፈረች። መነጽሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ወደ በሩ ወጣች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ የማዶው ቆርቆሮ ጣሪያ ያንጸባርቃል። ጥቅሻ ዐይኗን በልቅጣ ቆመች። እንባ የለም፣ መጥበብ የለም። የጣሪያው ምስማር ሳይቀር ይታያታል። ደስታዋ ከመጠን በላይ ሆኖ ያገኘችውን መንገደኛ ሁሉ ሰላም ማለት ጀመረች።

«እውነት ለመናገር ትንሽ ፋራ ነው» አለች ቀጮ ከኋላዋ።

«ይሁን! ይታየኛላ!» አለችና መነጽሩን ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስትደርስ አባቷ እጆቹን ከኋላው ደብቆ በር ላይ ጠበቃት። ዐይኖቹ እንደ ሁልጊዜው ቀልተው ያነባሉ። ማታ ማታ እንዲህ ነው፤ ሲጠየቅ «ጭሱ ነው» ይላል።

«አለቃ፣ ዐይንሽን ጨፍኚ!» አላት። «ለነገሩ አንቺ መቼ ከፍተሽው ታውቂያለሽ።»

ስትገልጥ መዳፉ ላይ ጥቁር መነጽር አየች። እንደ ከሰል የጠቆረ።

«ስለ ጨዋታው ሰምቼ ገበያውን ሙሉ ዞርኩት። ሻጩን አምፖል አብራ እያልኩ ነፍሱን አወጣሁት። ይሄ ግን አምፖሉን ድራሹን ነው ያጠፋው! ጣሪያ ላይ ስሠራ የማደርገውን አይተሽ የለ? መንታው ነው። ቅዳሜ ሥራ ዘግቼ እመጣለሁ፤ ሁለታችንም አድርገን እንታያለን።»

ጥቅሻ ቡኒውን ልታወጣ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች። ግን መለሰችው። ሰውየው ልጁን ለማስደሰት ገበያ ሲዞር ውሎ፣ «ልክ አይደለህም» ማለት እንዴት ይቻላል?

«ነፍስ ነው አባዬ» አለች።

ቡኒው መነጽር ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ ግቢ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሜዳው ከመማሪያ ሕንፃው ሥር ነው። ከሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ስለምትሆን አንዱ ቡድን የሕንፃው ጥላ ውስጥ ይጫወታል፣ ሌላው ፀሐይዋን ይጋፈጣል። ዕጣ ሲወጣ ፀሐይዋ ለእነጥቅሻ ደረሰች።

አባቷ ከፊት ተቀምጧል። ጥቁር መነጽሩን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አሳያት። እሷም የራሷን መታ መታ አደረገች።

ብርሃኑ አላስቸገራትም። ኳሷም ግን አልታየቻትም። ሰርቭ የምትመታው ረጅም ልጅ ጥላው ውስጥ ናት፤ በዚያ ጥቁር መስታወት ጥላው ጨለማ ነው። ኳሷ መረቡን አልፋ ብርሃን ላይ ስትወጣ ጥቅሻ ገና ታያታለች፣ ያኔ ደግሞ ኳሷ አፍንጫዋ ሥር ናት። አንዱ አመለጣት። ደገመ። መነጽሩ በላብ ተንሸራተተና ስታስተካክል ሌላም አመለጣት። «ጥቅሻ! ጥቅሻ!» እያሉ ሙድ ያዙባት። የመጀመሪያው ዙር ከእጃቸው እንደ ውሃ ፈሰሰ።

በሁለተኛው ዙር ሜዳ ተቀያየሩ። ጥላው የእነሱ ሆነ። ጥቅሻ መነጽሯን አውልቃ አንዲት ኳስ መሬት አላስነካም አለች፤ አሸነፉ። ሦስተኛውንም እዚያው ጥላ ውስጥ ጀመሩና መምራት ያዙ። ግን በሦስተኛው ዙር መሃል ላይ ሜዳ መቀየር አለ።

ፊሽካው ተነፋ። ፀሐይዋ ጣሪያው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች።

«ጥቅሻ፣ ተቀመጪ» አለች አሰልጣኟ። «ጥላው ውስጥ ጥሩ ነበርሽ።»

«ቲቸር፣ ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ!»

ሮጣ ቦርሳዋን ከፈተች። ጥቁሩን ወርውራ ከከተተችበት ጎን ቡኒው ተቀምጧል። ቀና ስትል አባቷ እያያት ነው። ይሉኝታ እጇን ያዘው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ስጦታውን ትታ የሌላ ሰው መነጽር ስታደርግ ምን ይሰማዋል? «አባዬ ሊቀየመኝ ይችላል» አለች በልቧ። «ከተቀየመኝ እታረቀዋለሁ። ይቺን ጨዋታ ግን መልሼ አላገኛትም።»

ቡኒውን አደረገች። ማሰሪያውን ከጭንቅላቷ ኋላ ጠበቅ አድርጋ አባቷን ፊት ለፊት አየችው። አባቷ ፈገግታው ጠፋ። የራሱን ጥቁር መነጽር አውልቆ አተኩሮ አያት።

«አንድ ብታመልጥሽ ትወጫለሽ» አለች አሰልጣኟ።

ረጅሟ ልጅ ፈገግ ብላ ኳሷን አነጠረች። ወዴት እንደምትልካት ግቢው ሁሉ ያውቃል። ጥቅሻ ግን በጥላው ውስጥ የልጅቷን ጣቶች፣ በኳሷ ላይ ያለውን ስፌት ሳይቀር አየች። ኳሷ ተነሳች፣ ፀሐይዋን አቋረጠች፣ ጥቅሻ ዐይኗን አላርገበገበችም። ተቀበለች። ነጥብ! ሰርቩ ሲመለስላቸው በድጋሚ መቱባት፣ በድጋሚ ተቀበለች። ረጅሟ ልጅ ፈገግታዋን አቆመች።

አንድ ነጥብ ቀራቸው። ኳሷ በዚያች በቪዲዮዋ ቀን እንደመጣችው ሽቅብ ተወርውራ ፀሐይዋ ውስጥ ገባች።

«የኔ ነው!» ብላ ጮኸች።

ከሥሯ ገባች፣ ቀና አለች፣ አየቻት። ኳሷ ከክንዷ ላይ ተነስታ በልክ ተቀመጠች፤ አቀባይዋ ወደ መረቡ አደረሰቻት፤ ቀጮ ያንን ቁመቷን ይዛ ወጣችና ዷ! አቧራው ጨሰ።

ግቢው ቀወጠው። «ጥቅሻ! ጥቅሻ! ጥቅሻ!» ያው ስም ነው፤ አሁን ግን ከሰማችው ስም ሁሉ ያምር ነበር። ቀጮ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፣ አሰልጣኟ ትዘላለች፣ ጥቅሻ ታለቅሳለች። በዚህኛው እንባ ፀሐይዋ የለችበትም።

ከግርግሩ መሃል አባቷ መጣ።

«ያ ምንድነው?» አላት፣ ወደ ቡኒው በአገጩ እያሳየ።

ሁሉንም ነገረችው። ባትሪዋን፣ ካርዱን፣ ቦርሳዋ ውስጥ መደበቋን።

«እና እኔ የገዛሁልሽ?»

«ኳሷን ድራሿን ነው ያጠፋት አባዬ።»

የአባቷ ሳቅ ፈነዳ። «አምጪው እስቲ» አለና ቡኒውን አደረገው። ጣሪያውን አየ። ደግሞ አየ። «እንዴ! ያን አሸንዳ እኮ የበየድኩት እኔ ነኝ! እንዲህ ጠማማ ነው እንዴ?»

«ጥቁሩን አድርገህ ነዋ የሠራኸው።»

«ዳይሬክተሩ እንዳይሰሙ!»

ሲያወልቀው የቀሉ ዐይኖቹን በእጅጌው አበሰ። ዛሬ ሥራ አልሠራም፤ ጭስም የለም። ጥቅሻ ይህን አየች፤ በቀጮ ጥቁር መነጽር ሥር እንደበራ የቀረው ምልክት ትዝ አላት።

«ነይ እንጂ!» ቀጮ ከሩቅ ተጣራች። «ዋንጫውን ይዘን ሰፈሩን ልንዞር ነው!»

«ዙሩ፣ እደርስባችኋለሁ!» አለችና የአባቷን እጅ ያዘች።

መነጽር ቤቱ አልተዘጋም ነበር። «ዛሬ ለኔ አይደለም እትዬ» አለች ጥቅሻ። አባቷ እንደገባ ከለመደው ሊወጣ አልቻለምና ያገኘውን መነጽር አንስቶ ወደ አምፖሉ ዘረጋ። ከዚያ ልጁን አያት። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

አክስትየዋ በባትሪዋ ፈትና ያለፈውን አቀበለችው። አደረገው።

«ወደ ላይ እይ» አለችው ጥቅሻ። አየ። «ዝለል።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

ዘለለ።

«አሁን ሳቅ።»

«ምን የሚያስቅ ነገር አለና?»

«አሸንዳው» አለችው።

ሳቀ። ጉንጮቹ እስኪነሱ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ጥቅሻ ጠጋ ብላ በጥንቃቄ አየች። መነጽሩ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ይሄ ነው» አለች።