የታጠበው ጥያቄ

ሉተር አንዲት ድመት ባርኔጣዋን እንድታነሳ አርባ ጊዜ ይስላታል። ኤድና ደግሞ፣ ካሜራው አንድ በአንድ ካነሳቸው በኋላ፣ እነዚያን ብርሃን የሚያሳልፉ ስስ ሉሆች አጥባ ለነገ ሥዕል ታደርቃቸዋለች። በዚያ ዘመን ኒውዮርክ ውስጥ የካርቱን ፊልም የሚሠራው እንዲህ ነበር፤ አንዱ ይለፋል፣ አንዷ ታጥባለች፣ ሲኒማ ቤት ሸራው ላይ የሚወጣው የድርጅቱ ባለቤት ስም ነው።

ሉተር የሱቅ ማስታወቂያ ሲቀባ ያደገ ዓይን አፋር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይኑ እስኪቀላ ሣለ፤ ማንም አላወቀውም፣ ከኤድና በቀር።

«የዛሬዋ ድመት ምነው አኮረፈች?» አለችው አንድ ቀን፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ።

«አንቺን አይቼ ነው የሣልኳት።»

«እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?»

«ትናንት ሳላናግርሽ ሳልፍ እንዲህ ነበርሽ።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሥራው ይጠፋባቸው ጀመር።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ወጣት እየለቀመ ነበርና ሉተርም የዘመቻ ጥሪ ደረሰው። መቼም በአፉ ያልሆነለት በእጁ ይናገራል። በፊልሙ መጨረሻ ድመቲቱን ሰሌዳ አስያዛትና «ኤድና፣ ታገቢኛለሽ?» ብሎ ጻፈበት። ባለቤቱ ሚስተር ግሪግስ ቀልድ መስሎት አሳለፈው። ሉሆቹ ተነስተው ሲያበቁ ሉተር ራሱ ኤድና ጠረጴዛ ላይ አኖራቸው፤ ስታጥብ ታነበዋለች ብሎ ነው።

ያን ቀን ግን ለሠዓሊዎቹ ንጹሕ ሉህ አልቆባቸው ነበር።

«ሥዕል እንድታደንቂ ነው የምከፍልሽ?» ብሎ ግሪግስ ጮኸባት። እሷም ደንግጣ ክምሩን እንዳለ ውሃ ውስጥ ዘፈቀችው። ጥያቄው ሳይነበብ ሟሟ።

ማታ ሉተር ባርኔጣውን ይዞ በር ላይ ጠበቃት።

«የዛሬዎቹን ሉሆች አጠብሻቸው?»

«ሁሉንም። አንድም አልቀረም።»

መልሷን ጠበቀ። እሷም በልቧ፣ እባክህ አንድ ነገር በለኝ ትላለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነዚህ የሁለቱ ግን ነቀዘ።

«በይ እንግዲህ፣ ደህና ሁኚ» አላትና እንዳልፈለገችው ቆጥሮ ሄደ።

መርከብ ሳይሳፈር፣ ያ የኅዳር በሽታ የሚሉት ክፉ ጉንፋን ጦር ሰፈሩ ውስጥ ቀጨው።

ፊልሙ የታየው ከሞተ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ኤድና የእጁን ሥራ ልታይ ሲኒማ ቤት ገባች። ሰው ሁሉ ይስቃል። በመጨረሻ ድመቲቱ ባርኔጣዋን አነሳች፤ ሰሌዳዋንም ከፍ አደረገች።

ሉተር ያን ማታ በር ላይ ምን ይጠብቅ እንደነበር ለኤድና አሁን ገባት።

«እሺ» አለች፣ ድምፅ አውጥታ።

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ።

«አይ፣ እርስዎን አይደለም።»

ሳምንቱን ሙሉ እየተመላለሰች፣ ሰሌዳው በወጣ ቁጥር እሺ አለች። በስምንተኛው ቀን ሌላ ፊልም ተተካ። እሷም ወደ ገንዳዋ ተመለሰች፤ ግሪግስ የፈለገውን ያህል ቢጮህባት ግን፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ሉህ ሳታይ አጥባ አታውቅም።