ዘይት የተፋው ኩሽኔታ

የሠራተኞቹ ካፖ ጄቤዝ ኦለርተን አንገቱ የኩሽኔታ መሞከሪያውን ዘንግ በሚያዞረው የሞተር ቺንጋ ታንቆ፣ ክንዱ ከትከሻው ተገንጥሎ ተገኘ። በደርቢ የባቡር መጠገኛ ሰው ሲሞት ባርኔጣ ማውለቅ ደንብ ነው። ለኦለርተን ያወለቀ አልነበረም፤ ምላሱ መርዝ ነበርና እኔም ብሆን አላወልቅለትም።

ዘይት አጠጪው ሎት ታንስሊ በካቴና ታስሯል። ገፍቶ ገደለው ያለው መካኒኩ ሳይላስ ክሬክ ነው፤ ሌላ ምስክር የለም። የክሬክ ቃል ከጸና ሎት ይሰቀላል።

ኢንስፔክተር ግሪቭስ የክሬክን ነጭ ሸሚዝ ትኩር ብሎ አየ።

«ዘንጉ ይሽከረከር ነበር አልከኝ?»

«ከጠዋት ጀምሮ አልቆመም ጌታዬ። እኔ ዘንጉ ላይ በተጫነው ኩሽኔታ አናት ባለው ቀዳዳ ዘይት ሳንቆረቁር፣ ይህ አውሬ ካፖውን ከኋላ ገፈተረው።»

«ስንት ጊዜ አንቆረቆርክ?»

«ሦስቴ።»

«ቀዳዳውን የበሳኸው አንተ ነህ አሉ።»

«ትናንት። የራሴ ፈጠራ ነው!» አለ ክሬክ ደረቱን ነፍቶ። «ኦለርተን ቅናት ይዞት ‹ሞክሬዋለሁ፣ ሲሮጥ ዘይት ይተፋል› እያለ በሰው ፊት ሲሳለቅብኝ ዋለ። ቀዳዳ ይጠጣል እንጂ ይተፋል እንዴ?»

«ሸሚዝ ቀይረሃል?»

«ኧረ የት አባቴ!»

ግሪቭስ ወደ ሎት ዞረ። «አንተስ?»

«ከሰል ቤት ነበርኩ ጌታዬ። ብቻዬን። ማን ያምነኛል?»

«እኔም ገና አላመንኩህም።»

ከምሳ በኋላ የመጠገኛውን ባለቤት ሚስተር ባግሾን፣ የሟችን ሚስት ሄስባን፣ ክሬክንና ሎትን በመሞከሪያው ዙሪያ አቆማቸው። ሄስባ ሎት ፊት ላይ ምራቋን ጢቅ አደረገች።

«ዘንጉን አስነሱት። ክሬክ፣ እንደ ጠዋቱ አንቆርቁር።»

ክሬክ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳው ላይ አጥብቀው የመቱትን የእንጨት ውታፍ ነቀለ። ዘይቱ ተፈናጥሮ ፊቱንና ሸሚዙን አለበሰው። ባግሾ ሳቀ።

«ቅድም ስሞክረው የኔም ኮት ተበላሽቷል፤ ውታፉን ያስመታሁት ለዚህ ነው» አለ ግሪቭስ። «እናንተ ዘይት የምታጠጡት ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም ነው፤ ያኔ ቀዳዳው ይጠጣል። ዘንጉ ሲሮጥ ግን ከታች ካለው ገንዳ ዘይት እየጎተተ ኩሽኔታው ሥር ይሰገስገዋል። ኩሽኔታው የተሸከመው ያ ሁሉ ጭነት የሚያርፈው ብረቱ ላይ ሳይሆን በዚያ ስስ ዘይት ላይ ነው። እንዲህ የተጨመቀ ዘይት ቀዳዳ ካገኘ ይወረወራል። ሦስቴ አንቆርቁረህ ሸሚዝህ ነጭ? ዋሽተሃል፤ ዘንጉ ቆሞ ነበር። ኦለርተን እጁን ቺንጋው ውስጥ ያስገባው ስለቆመ ነው። ማስነሻው ያለው ደግሞ አንተ በቆምክበት ነው፤ አስነስተህበት ስለገደልከው ነው አልቆመም ያልከው።»

ክሬክ ዘይቱን ከዓይኑ ጠርጎ ቀዳዳውን ሲያይ ቆየ።

«ለካ ኦለርተን እውነቱን ነበር» አለ። «በውሸት የሚያዋርደኝ መስሎኝ።»

ግሪቭስ ካቴናውን ከሎት እጅ አውልቆ ክሬክ ላይ አጠለቀው። ሄስባ ይቅርታ አልጠየቀችም። ባግሾ ሰዓቱን አየና ለሎት ጨርቅ ወረወረለት።

«ደሙን ጥረግ። ሥራ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል።»

ሎት አንገቱን ዳሰሰ። ከዚያ ተንበርክኮ መጥረግ ጀመረ።