ልብ ቆጣሪው በር

ከሰዓት በኋላ ስድስቱ የወይዘሮ አሰገደች ልጆች የእናታቸውን ሬሳ አጅበው፣ ደረት እየመቱ ከተማው ዳር ካለው መካነ መቃብር ደረሱ። ደረሱ የሚባለው ለወጉ ነው፤ የመጡት ውክሎቻቸው ናቸው። ውክል ማለት ባለቤቱ ሳሎኑ ተጋድሞ ከሩቅ የሚያንቀሳቅሰው ሰው መሰል ማሽን ነው። እንባ ያፈሳል፣ ድምፁ ይሰበራል፣ እንደ ሰው ጉንጭ ይስማል።

በሩ አልተከፈተም።

የጥገና ባለሙያዋ ፈትለ ተጠራች። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ጌጡ በውክላቸው አፍ የቁጣ መዓት አወረዱባት። ጊዜ አልነበረም፤ እስኪመሽ ያልተቀበረ ሬሳ በከተማው ደንብ መሠረት ወደ ማቃጠያ ይሄዳል። ወይዘሮ አሰገደች ደግሞ «እሳት እንዳታስነኩኝ፣ አፈር አልብሱኝ» ብለው ተናዘዋል።

ፈትለ የበሩን ልብ ቆጣሪ ፈታች። መሣሪያው ውክል የመጣ ጊዜ ሽማግሌዎች ያስገጠሙት ነው፤ ደጁ ላይ ቢያንስ አንድ የሚመታ ልብ ካልሰማ አይከፍትም። የሠራተኛ ልብ አይቆጥርም፤ ሰዉ ዘበኛውን እያቆመ ማጭበርበር ጀምሮ ነበራ! ቆጣሪው ደህና ነው። ግራ ገብቷት ያለፉትን ቀብሮች ቅጂ ከፍታ አዳመጠች። በሁሉም ላይ አንድ ልብ ይሰማል፤ ያው አንዱ፣ ዝግ ያለ፣ ከባድ። የሰው ልብ አልነበረም።

የጅቡ ነበር። ደጁ አጠገብ አጥሩ ጥግ ጥላ ሥር የሚተኛ፣ መንጋ የሌለው፣ አንድም መቃብር ነክቶ የማያውቅ ሽማግሌ ጅብ። እያንዳንዱ ዘመድ «ሌላው ሄዶ የለ» እያለ ሶፋው ላይ ሲንፈላሰስ፣ የከተማው ሙታን ለዓመታት የተቀበሩት በዚህ አውሬ ልብ ነው። ባለፈው ሳምንት እነዚሁ ጉዶች፣ ይህን ደጅ በእግራቸው ረግጠውት የማያውቁት፣ «ጅቡ ሙታኖቻችንን አዋረደብን» ብለው አቤት አሉና ወደ በረሃ አስወሰዱት። ሲያፍሩ አይታዩም።

ፈትለ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳቻቸው።

«መሣሪያው ምንም አልሆነም» አለች። «ከስድስታችሁ አንዳችሁ በአካል ኑ። መቆም ብቻ ነው፤ እኔ ሌላውን እጨርሰዋለሁ።»

ውክሎቹ ተያዩ። አንዱ ስብሰባ ነበረው። አንዷን ጉልበቷን አሟታል። ሌላው አቧራ አይስማማውም። የመጨረሻው ልጅ ደግሞ ታላላቆቹ እያሉ እሱ መቅደሙ ነውር መሆኑን ተናገረ፤ ጨዋ ነው መቼም። የበኩር ልጅ ዶክተር መንበሩ ቤታቸው መቃብሩ ካለበት ኮረብታ ሥር ነው፤ መስኮታቸውን ቢከፍቱ የእናታቸውን ሳጥን ያዩታል። ውክላቸው በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ።

«ልጄ» አሏት፣ «ያ ጅብ የተወሰደው ሩቅ ነው?»

አቶ ጌጡ ወዲያው ጅቡን ለወሰዱት ሰዎች ደወሉ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል በራሪ መኪና በመድኃኒት የደነዘዘውን ጅብ አምጥታ ደጁ ላይ ዘረገፈችው። ቆጣሪው ልቡን ሰማ፤ በሩ ተከፈተ፤ ወይዘሮ አሰገደች አፈራቸውን ለበሱ። ውክሎቹ ተንሰቀሰቁ፣ ተቃቅፈውም አለቀሱ። ጅቡ ነቃ፣ ተንገዳግዶ ተነሳ፣ አንድ ጊዜ አያቸውና ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ዶክተር መንበሩ ሊያጽናኗቸው የደወሉትን ሁሉ አመሰገኑ።

«ተመስገን ነው» አሉ፣ «እናታችንን እንደ ሰው ወግ ቀበርናት።»