አጥናፉ የጠጣበት መቃ

በስድሳ ስድስት ዓ.ም. ግንቦት፣ የአጥናፉ አስከሬን ከዓባይ በረሃ በበቅሎ ተጭኖ መካነ ሰላም ሲደርስ፣ ሚስቱ ካሰች መጀመሪያ ያየችው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን መቃ ነበር። ቀብሩን ግን የፖሊስ ጣቢያው ሃምሳ አለቃ ውበቱ አስቆመው። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ፣ ከማተቡ ሥር የጠቆረ ሰፊ ሰንበር አየና መልሶ ሸፈነው።

«ውሃ ጥም ነው የገደለው፣ ጌታዬ» አለ የካሰች ወንድም ሞላ። «ዋሻ የተደበቀውን ዘር ልናመጣ ከቢተው ጋር ሦስት ሆነን ወረድን። ውሃ አለቀብንና ፍለጋ ተለያየን። ስደርስ ሞቷል።»

ዘሩ የሃያ አባወራ ገብስ ነው። የካሰች ልጆች ተስፋም እሱው ነበር።

ውበቱ መቃውን ፈትቶ ጎረቤታቸውን ቢተውን ለብቻው ጠራው። «ይህ ምንድን ነው?»

«መምጠጫው ነዋ! ዝንጀሮ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ከማሰች ሥሩ ውሃ አለ፤ መቃውን ሰክቶ ይመጠዋል። አምና ሲያሳየኝ ብስቅበት፣ ‹ከዝንጀሮ መማር ካፈርክ ጠጠር ምጠጥ› አለኝ።»

«ታዲያ በጥም ሞተ ሲባል ዝም አልክ?»

«የሚስቱ ወንድም ነው የተናገረው፤ ምን ልበል?»

ሞላም ስለ መቃው ተጠየቀ። «ዋሽንት ሊሠራበት ይሆናላ» አለ።

«መቃው መቼ ታጠበ?» አላት ውበቱ ካሰችን።

«ለመንገድ ሲነሳ እኔው አጥቤ አሰርኩለት።»

መቃውን መዳፉ ላይ መታ መታ አደረገው። እርጥብ አሸዋ ወደቀ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለቀስተኛው ሁሉ ሲሰበሰብ ውበቱ ተናገረ። «አጥናፉ ጠጥቷል፤ በጥም አልሞተም። አንገቱ ላይ ያለው የመጫኛ ገመድ ሰንበር ነው። ቢተው ገድሎት ቢሆን ገደል ገባ ይል ነበር እንጂ፣ ውሃ መኖሩን እያወቀ ጥም አይልም። ዋሻውን የሚያውቀውን መሪውን ገድሎስ ዘሩን በምን ያገኘዋል? ዋሻውን ሌላ ማን ያውቃል?»

ካሰች ቀስ ብላ ተነሳች።

«ሞላ ያውቃል። ወንድሜ ነው፣ አሳየው ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

ሞላ መሬት መሬት አየ። «ሲጣራ ሰምቼ መጣሁ። አሸዋው ላይ ድፍት ብሏል። የሚሰግድ መስሎኝ፣ ዘሩን ለብቻዬ ብዬ ገመዱን አንገቱ ላይ…»

«ማንን ነበር የሚጣራው?»

«እኔን።»

«ሊያጠጣህ» አለች ካሰች። መቃውን ከውበቱ እጅ ተቀብላ መልሳ ባሏ አንገት ላይ አሰረችው።