ከዛጎሉ ግንብ ወዲያ የነበረው ሰው

ስለ መንፈስ ሲወራ ተነስቶ ቴሌቪዥን የሚከፍተው ሰው እኔ ነበርኩ፣ ዛሬም ቢሆን ብዙ አልተለወጥኩም፣ ይቺን አንዷን ግን እንደሆነችው ልንገርህ፣ ማመን አለማመኑ ያንተ ነው።

ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፣ ኮሌጅ ፓርክ ኤርፖርቱ አጠገብ ለአንድ ሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ሻትል እነዳ ነበር፣ አራት ሆነን ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን፣ አንድ መኪና ለአራት፣ አንድ ወፍራም ካፖርት ለሁለት፣ አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ወሬያችንን አቁመን የምንጠብቅበት ጊዜ፣ እንደዚያ የሳቅኩበት ዘመን ኋላም አልመጣም። ከአራታችን አንዱ ተስፋዬ ነው፣ የምፅዋ ልጅ፣ እናቱን እማማ አልጋነሽን ከካርቱም ያስመጣቸው ያኔ ነበር።

አባቱ ምፅዋ ወደብ ጀልባ ነጂ ነበሩ፣ ተስፋዬ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ጠዋት እንደወጡ ቀሩ፣ ጀልባዋ ተገኘች፣ እሳቸው አልተገኙም። እማማ ተዝካር እንኳን አላወጡም፣ "ሬሳውን ያላየሁትን ሰው ምን ብዬ" ይሉ ነበር።

እኛ ቤት ከገቡ ወዲህ ምንም ጠይቀውን አያውቁም፣ ሶፋው ጥግ ተቀምጠው ፓርኪንግ ሎቱን ማየት ነው፣ አንድ ቀን ግን እራት ላይ "ይሄ አገር ባሕር የለውም እንዴ?" አሉ። አንድ የሆቴል እንግዳ ስለ ሴንት ኦገስቲን ነግሮኝ ነበር፣ ፍሎሪዳ ያለች በግንብ የታጠረች ጥንታዊ የወደብ ከተማ ናት፣ ቅዳሜ እኔም ተስፋዬም ኦፍ ስለነበርን ሳይነጋ ተነስተን ስድስት ሰዓት ያህል ነድተን ቀትር ላይ ደረስን፣ የከተማዋ መግቢያ በር አጠገብ ፓርክ አደረግኩ።

ግንቡ የዛጎል ስብርባሪ የተጋገረበት ድንጋይ ነው። እማማ ጠጋ ብለው በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ጣታቸውን ላስ አደረጉና "ጨው አለው፣ የኛም ቤት እንዲሁ ነበር" አሉ፣ ፈገግ ሲሉ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ መሄድ ጀመሩ። ፓርኪንጉን ብቻቸውን የማይሻገሩት ሴትዮ እኛን ቀድመው ጠባቡን መንገድ ተያያዙት፣ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ "አሁን የውሃ ጉድጓድ እናገኛለን፣ አፉ ባንድ በኩል የተሸረፈ" አሉ፣ እመነኝ፣ ስንታጠፍ ጉድጓዱ አለ፣ አፉም ባንድ በኩል ተሸርፏል። ተስፋዬን አየሁት። "ኦኬ፣ የወደብ ከተማ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው" አለኝ፣ እኔም ለራሴ እንደዚያው አልኩ።

ጉድጓዱን አለፍ ሲሉ ግንቡ ላይ አንዲት አጭር ሰማያዊ በር አለች። እማማ ቆም ብለው ፀጉራቸውን አስተካከሉ፣ ሦስት ጊዜም አንኳኩ።

"እማዬ፣ የሰው ቤት እኮ ነው" አለ ተስፋዬ።

"የማን ቤት እንደሆነ አውቃለሁ" አሉ።

መጀመሪያ ከበሩ ወዲያ፣ ከሩቅ፣ የእንጨት ጫማ ድምፅ ሰማሁ፣ ድንጋይ ላይ ቀስ እያለ ሲመጣ፣ ከዚያ የወንድ ሳል፣ ከዚያ እኔና አንተ በምናወራው አማርኛ፣ "ቆይ፣ መጣሁ።" ቀኑ ብራ ነው፣ ከጀርባችን ሕፃናት አይስክሬም ይበላሉ። እርምጃው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ መቀርቀሪያ የሚሳብ የመሰለ የብረት ድምፅ ተሰማ፣ ይሄኔ ተስፋዬ እናቱን በክንዳቸው ይዞ "እንሂድ" አለ።

"ሊከፍት ነበር እኮ፣ ልጄ" አሉ እማማ፣ አልተቆጡም፣ እየተመሩ ሄዱ።

ነጠላቸው በሩ ሥር ወድቆ ቀርቶ ኖሮ ላነሳው ብቻዬን ተመለስኩ። አጠገቡ ዛጎል የምትሸጥ ሴት በሩ ላይ አፍጥጬ ቆሜ ስታየኝ ሳቅ ብላ፣ ያ በር ለፎቶ ብቻ ነው፣ አይከፈትም፣ ጀርባው በድንጋይ የተሞላ ነው አለችኝ። አመስግኛት ጎንበስ ብዬ ነጠላውን ሳነሳ ጆሮዬ ከበሩ ተጠጋ፣ ከውስጥ የደከመው ሰው ትንፋሽ ሰማሁ፣ ቀጥሎም ዝግ ባለ ድምፅ፣

"ተስፋዬ፣ አንተ ነህ?"

ምን ልበል፣ አይደለሁም ልበል፣ ቆይ ልጥራው ልበል? ነጠላውን በብብቴ ይዤ ሄድኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

እማማ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ተስፋዬ ስኔልቪል ቤት ገዝቶ ልጆቹን አሳደገ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የልጁ ሠርግ ላይ፣ "ያን ቀን ምን ሰማህ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ምንም" አለኝ። "አንተስ?"

"እኔም ምንም።"

ባለፈው ሰኞ ደወለልኝ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጊዜ ተርፎታል፣ ቅዳሜ ብቻዬን ባሕር ለማየት ልነዳ ነው አለኝ፣ የት እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ የሰማሁትን ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ዛሬ እሑድ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ እየደወልኩለት ነው፣ ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም።