በሁለት ስክሪን ላይ የቀረው መሬት

ባይሳ ሞቶ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ ደም የነካው ድንጋይ፣ ወለሉ ላይ የረገፈ የመስኮት መስታወት። የሰበታው ሰልፍ በጽሕፈት ቤቱ በር ያለፈው አራት ሰዓት ላይ ነበር።

«ወርዋሪው ተይዟል» አለ የመሬት መዝገብ ኃላፊው ማርቆስ። «ምኑ ይመረመራል?»

ያን ሰሞን ለሁሉ ነገር ተጠያቂው ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩን ያስነሳው፣ ከተማዋን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ግን አንድም ቀን ለምርመራ አልተጠራም። ኢንስፔክተር ገለቴ በመስኮቱ ተመለከተች። ወርዋሪ የተባለው ጃለታ በካቴና ታስሮ ፒክአፕ ላይ ተቀምጧል። ስድስት ሰዓት ላይ ይወስዱታል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚገባ እግዜር ይወቀው። አለቃዋ ሁለት ጊዜ ደውሎ «ጉዳዩን ዝጊው» ብሏታል።

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ክፍል አልገባሁም። የዚህ የታሰረው ልጅ አባት ኦቦ ቦሩ መሬቴን ተነጠቅሁ ይላሉ፤ መዝገቡ ላይ ግን ስማቸው የለም።»

ገለቴ ወደ ሳሊሃ ዞረች። ከባይሳ ጋር ፕሮግራም የምትሠራ ልጅ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ሰሞኑን ምን እየሠራችሁ ነበር?»

«ስህተት ፈላጊ ሶፍትዌር እየፈተሽን። የመዝገቡ ቅጂ ያለው በዚህ ክፍል በእነዚህ ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ አይታይም። የአንድ ሰው ይዞታ ከአንዱ ጠፍቶ በሌሎቹ ላይ ካለ፣ ሶፍትዌሩ ሰዓቱን መዝግቦ ይጮኻል። ባይሳ ደግሞ መሬቱ የእሳቸው እንደሆነ ለኦቦ ቦሩ ሊመሰክር ነበር።»

«ዛሬስ ጮኸ?»

ሳሊሃ ስክሪኑን አዞረችላት። ገለቴ ሁለቴ አነበበችው።

«ጃለታን አምጡት። ዘበኛውንም።»

ሁሉም ሬሳው አጠገብ ቆሙ።

«ኦቦ ኢቲቻ፣ ስንት ድንጋይ ገባ?»

«አንድ» አሉ ዘበኛው። «አራት ሰዓት ላይ። ይሄን ልጅ እዚያው ያዙት፤ እኔም በሩን ቆለፍኩ። ውስጥ የቀሩት ሟቹ፣ አቶ ማርቆስና ሳሊሃ ብቻ ናቸው።»

«የኦቦ ቦሩ ይዞታ ከአንደኛው ኮምፒውተር የጠፋው አራት ከሃያ ላይ ነው፤ በሁለቱ ላይ ግን አሁንም አለ። ያጠፋው ባይሳ ከሆነ፣ ድንጋዩ ሲገባ አልሞተም። ሌላ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው እዚህ ክፍል ነበር፤ ባይሳን በድንጋዩ ሞቶ ቢያገኘው ይጮኽ ነበር እንጂ መዝገብ አያጠፋም። ጃለታ በሁለቱም መንገድ ነፃ ነው፤ ያኔ በካቴና ነበር።»

«ይህችስ?» አለ ማርቆስ በአገጩ ወደ ሳሊሃ እያመለከተ።

«እሷ ብትሆን ከሦስቱም ታጠፋ ነበር። ሥራውን የማያውቅ ሰው ግን ካንዱ አጥፍቶ ጨረስኩ ይላል። ሬሳው አራት ተኩል ላይ ሲገኝ ክፍሉ ታሽጓል። አቶ ማርቆስ፣ እስከ አራት ከሃያ የነበረው የኦቦ ቦሩ ስም መዝገቡ ላይ እንደሌለ፣ እዚህ ካልገቡ በምን አወቁ?»

ማርቆስ ስልኩን አወጣ። «አንድ ስልክ ብደውል የት እንደምትገቢ ታውቂያለሽ?»

«ይደውሉ። እኔም ሲደወልልኝ ነው የዋልኩት።»

ካቴናውን ከጃለታ እጅ ፈትታ በማርቆስ እጅ ላይ ቆለፈችው። ስልኳ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ።

«ጌታዬ፣ አልተዘጋም» አለች። «ገና አሁን ተከፈተ።»